የኢትዮጵያዊቷን ልዕልት ሥዕል በእጅ ላስቀዳ ነው፤ መልኳ እንዳለ ይቀዳ ወይስ ይለወጥ?

የከዚራው (ድሬ ዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ድሬዎች «አንቱ» አያውቁም እየተባለ እንደሚቀለድብን አውቃለሁ፤ ይሁንና ጥያቄዬ ሥዕልንና ሥነ ጽሑፍን ከእኔ አብልጠው ለሚያውቁ ሰዎች ስለ ሆነ በአክብሮት አቀርባለሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ፈረንሳይኛን የተማረው እዚያው በሥራው ላይ ሲሆን፣ ሲያርፍ አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ የፈረንሳይኛ መጻሕፍት ትቶልናል። ከእነዚህ አንዱ የሮማዊው ባለቅኔ የኦቪድ «ሜታሞርፎሲስ» ትርጉም ነው፤ በመካከሉም በባሕር ዳር ከዓለት ጋር የታሰረች ልጃገረድ የሚያሳይ አንድ ሥዕል ታትሞበታል። ልጃገረዷ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ ናት። እናቷ ስለ ቁንጅና በመኩራራቷ ምክንያት የባሕር አውሬ በአገሩ ላይ ይላካል፤ ልጅቷም የእናቷን ጥፋት እንድትከፍል ለአውሬው ትሰጣለች፤ ፐርሴዎስ የሚባለው ጀግና ክንፍ ባለው ጫማ በአየር ሲያልፍ አይቷት ያድናታል። አባቴ ያንን ገጽ በገለጠ ቁጥር «ይህቺ የእኛ አገር ልጅ ናት» ይለኝ ነበር። «ታዲያ ለምን ፈረንጅ መሰለች?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሠዓሊው ባቡር ተሳፍሮ መጥቶ አላያትማ!» ብሎ ይስቃል።

አሁን ከዚራ ያለውን የቤታችንን ሳሎን ለአባቴ መጻሕፍት የንባብ ክፍል ላደርገው አስቤያለሁ። በሁለቱ መስኮቶች መካከል 1 ሜትር ከ80 ስፋት ያለው ባዶ ግድግዳ ስላለ፣ ከታላላቆቹ የአንድሮሜዳ ሥዕሎች አንዱን በዘይት ቀለም በእጅ አስቀድቼ ልሰቅልበት እፈልጋለሁ። ዓይኔ ያረፈው በቲሺያን፣ በሬምብራንትና በፒዬሮ ዲ ኮሲሞ ሥራዎች ላይ ነው። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? የሚቀዳውን ሠዓሊ «መልኳን ኢትዮጵያዊት አድርግልኝ» ብዬ ብጠይቀው አግባብ ነው ወይስ ሥራውን ማበላሸት ይሆናል? ሌላው ችግር እናቴ ናት፤ ሥዕሎቹን በስልኬ ሳሳያት «ራቁቷን የቆመች ሴት እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል አትሰቀልም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። በመጨረሻም ለመቅዳት ፈቃድ የሚጠየቅበት አካል ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ቡሩሽ ዘሐረር፦

በፈቃዱ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ነው። የጠሯቸው ሦስቱም ሠዓሊዎች ከሞቱ ከ300 ዓመት በላይ ሆኗቸዋልና ማንንም አያስፈቅዱም። ሆኖም የሙያው ጨዋነት የሚጠይቀው ነገር አለ። በፓሪስ የሉቭር ሙዚየም ከ1793 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጂዎች ሸራቸውን ይዘው እንዲገቡ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ቅጂው ከዋናው በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት፤ የዋናው ሠዓሊ ፊርማም አይገለበጥም። እኔም በሥራዬ ይህንኑ እከተላለሁ፤ ከጀርባው ላይ ቅጂ መሆኑን ጽፌ በራሴ ስም እፈርማለሁ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ የቲሺያኑ ሥዕል ለእርስዎ ግድግዳ አይሆንም። ሠዓሊው ለስፔኑ ንጉሥ ለፊሊጶስ 2ኛ ከኦቪድ እየቀዳ ከሣላቸውና ራሱ «ቅኔዎች» ብሎ ይጠራቸው ከነበሩት ትላልቅ ሥዕሎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ለንደን ውስጥ በዋላስ ስብስብ ይገኛል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ90 ገደማ ነው። ግድግዳዎ ላይ ለማስገባት ሲያሳንሱት ከሰማይ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ የሚወርደው ፐርሴዎስ የወደቀ ዝንብ ያህል ይሆናል። የሬምብራንት ሥዕል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በ1630 እ.ኤ.አ. ገደማ በእንጨት ላይ የተሣለ፣ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ ጀግናም አውሬም የማይታይበት፣ አንዲት የፈራች ተራ ልጃገረድ ብቻዋን ተንጠልጥላ ወደ ጎን የምትመለከትበት ሥራ ነው። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ነገር ግን እስከ ወገቧ የተራቆተች በመሆኗ ከወላጅ እናትዎ ጋር እንደማያስታርቅዎ እገምታለሁ።

መልኳን ስለ መለወጥ የጠየቁት ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ቀላል የሚመስለው፣ ብሩሽ ለያዘ ሰው ግን ከባዱ ነው። በቲሺያን ሥዕል ውስጥ ዓለቱ ጥቁር፣ ባሕሩ ጥቁር፣ ሰማዩም የደፈረሰ ነው፤ የመብራቱን ሥራ የሚሠራው የልጅቷ ገላ ነው። ገላውን ብቻ ወደ ጠይምነት ብለውጠው መብራቱ ይጠፋና ልጅቷ ከዓለቱ ጋር ተቀላቅላ ትቀራለች። ሰዎች ይህንን ሲያስተውሉ ደግሞ «ነጭ ጨምርበት» ይላሉ፤ በቡናማ ላይ ነጭ ሲጨመር ቆዳው አመድ የነካው ይመስላል። ጠይም ገላ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከሰማይ የሚወርድ ሰማያዊ እንጂ ነጭ አይደለም፤ ጥላውም የሚገኘው ከጥቁር ቀለም ሳይሆን የተቃጠለ ሲዬና የሚባለውን ቀይ ቡናማ ከጥልቅ ሰማያዊ ጋር በማዋሐድ ነው። ስለዚህ ጠይሟን ልጅ ለማሳየት ከጀርባዋ ያለው ሰማይ መብራት አለበት፤ ሰማዩ ሲበራ ባሕሩም ይለወጣል፤ ባሕሩ ሲለወጥ የአውሬው ጥላ ቦታ ያጣል። በዚህ መንገድ የሚወጣው አዲስ ሥዕል እንጂ ቅጂ አይደለም። አዲስ ሥዕል ከፈለጉ ደግሞ ከሥዕሉ ሳይሆን ከግጥሙ ይጀመራል።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦

የቀደሙኝ አስተያየት ሰጪ «ከግጥሙ ይጀመራል» በማለታቸው ተበረታትቼ ግጥሙ የሚለውን ላቅርብ። ኤፒክ የምንለው ረጅም የጀግንነት ግጥም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጀግና ታሪክ ሲሆን፣ ኦቪድ ግን በ15 መጻሕፍት ከዓለም አፈጣጠር እስከ ዘመኑ ድረስ የለውጥ ታሪኮችን እያያያዘ ሄዷል። የአንድሮሜዳ ታሪክ የሚገኘው በ4ኛው መጽሐፍ ነው። ፐርሴዎስ ከላይ ሆኖ የኢትዮጵያን ሕዝቦችና የኬፌዎስን ምድር ያያል፤ ቀጥሎም ከዓለት የታሰረችውን ልጅ ሲያይ፣ ቀላል ነፋስ ጠጉሯን ባያንቀሳቅሰውና ትኩስ እንባ ከዓይኗ ባይፈስ ኖሮ ከእብነ በረድ የተሠራች ሐውልት በመሰለችው ነበር። ከመደነቁም የተነሣ ክንፉን ማራገብ ሊረሳ ምንም አልቀረውም።

የአውሮፓ ሠዓሊዎች ይህቺን «እብነ በረድ» የምትለውን ቃል ይዘው ልጅቷን ነጭ አደረጓት። ባለቅኔው ግን በንጽጽሩ የተናገረው ስለ አለመንቀሳቀሷ ነው፤ ሐሳቡ የተንጠለጠለውም በጠጉሩና በእንባው እንቅስቃሴ ላይ እንጂ በቀለም ላይ አይደለም። ራሱ ኦቪድ በሌሎች ሥራዎቹ ግልጹን ተናግሯል። የፍቅርን ጥበብ በሚያስተምርበት ግጥሙ ፐርሴዎስ የአንድሮሜዳን መልክ እንደ ነውር እንዳላነሣባት ይጠቅሳል፤ የጀግኖች ሴቶች ደብዳቤዎች ተብለው ከሚታወቁት ውስጥ በ15ኛው ደግሞ በአገሯ ቀለም የጠየመች ሆና ሳለ ፐርሴዎስን እንደ ማረከችው ተጽፏል። ስለዚህ የጠያቂያችን አባት የተናገሩት ቀልድ ከብዙ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት ይልቅ ለባለቅኔው የቀረበ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ዛሬ የምንኖርባትን አገር ብቻ ማለታቸው አይደለም፤ ቃሉ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ማለት ሲሆን ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለው ምድር ሁሉ ይነገር ነበር። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር በኢሊያድ 1ኛ መጽሐፍ የአማልክት አለቃ የሚባለው ዜውስ ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዶ በ12ኛው ቀን እንደሚመለስ ሲናገርም በውቅያኖስ ዳር ስለሚኖር ሩቅ ሕዝብ ነው። የአንድሮሜዳን ዓለት በኢዮጴ፣ ማለትም ነቢዩ ዮናስ በተሳፈረበት ወደብ፣ የሚያደርጉ የጥንት ጸሐፍትም አሉ። ልጅቷን የአደሬ ቀሚስ አልብሶ ጀጎል በር ላይ ማቆም ያምራል፤ ግጥሙን ግን አይመስልም።

ስለ እናትዎ ጉዳይም ግጥሙ ከእርሳቸው ጋር ነው። ኦቪድ በዚያ ትዕይንት ስለ ልብሷ ምንም አይልም፤ ይልቁንም ፐርሴዎስ ስሟን ሲጠይቃት ለመናገር አፍራ ዝም እንዳለች፣ እጇ ባይታሰር ኖሮም ፊቷን በእጇ በሸፈነች ነበር ይላል። ማንኛችንም ብንሆን ይህንን የማፈር ሁኔታ ከእኅቶቻችን እናውቀዋለን። ራቁትነቱን የጨመሩት ሠዓሊዎቹ ናቸው።

አንድ ጊዜ የተታለለ፦

ውይይቱ ከፍ ብሏል፤ እኔ ወደ ገበያው ልመልሳችሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ «መቶ በመቶ በእጅ የተሣለ» የተባለ፣ የግሪኩ ተረት ጀግና ኦዴሴዎስ በመርከብ ምሰሶ ታስሮ ሲሬኖች የሚባሉትን ባለ ክንፍ ፍጥረታት ዜማ ሲሰማ የሚያሳየውን በ1891 እ.ኤ.አ. የተሣለውን የዋተርሃውስ ሥራ ቅጂ አስመጣሁ። ከሩቅ ሲያዩት የብሩሽ ጉብታ ሁሉ አለው። አንድ ቀን ልጄ በትምህርት ቤት ማጉያ መነጽር የሲሬኖቹን ክንፍ ስትመለከት «አባዬ፣ ነጠብጣብ ብቻ ነው» አለችኝ። በማተሚያ ማሽን ሸራ ላይ ከታተመ በኋላ ብርሃን የሚያስተላልፍ ሙጫ በብሩሽ ተቀብቶበት ኖሯል!

ስለዚህ ከማንም ሲገዙ ወይም ሲያስቀዱ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት፤ ቀለሙ እኩል በሆኑ ጥቃቅን ነጥቦች ከተሠራ ህትመት ነው። ባትሪ ከጎን በኩል ሲያበሩበት የጉብታው አቅጣጫ ከሥዕሉ ቅርጽ ጋር የማይሄድ ከሆነም፣ ለምሳሌ ማዕበሉ ወደ ቀኝ እየተጠቀለለ የብሩሹ መስመር ግን ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ የተቀባው ሙጫ ነው። በቻይና በሼንዘን ከተማ ዳፌን የሚባል፣ ብዙ ሺህ ሠዓሊዎች የታላላቅ ሥራዎችን ቅጂ በእውነትም በእጅ የሚሥሉበት ሰፈር እንዳለ ይታወቃል፤ ጥፋቱ ቅጂ መሆኑ ሳይሆን ህትመትን የእጅ ሥራ ብሎ መሸጡ ነው። ሐረር ድረስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሄደው ሠዓሊው ሲሥል ቢያዩት ይህ ሁሉ ጣጣ አይደርስብዎትም።

ዲያቆን ሠዓሊ፦

የቡሩሽ ዘሐረርን አስተያየት በብዙው እቀበላለሁ፤ «መልኩ ከተለወጠ ቅጂ አይደለም» በሚለው ላይ ግን አልስማማም። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደገው እየቀዱ በመለወጥ ነው። በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን አማካይነት ወደ አገራችን ከገቡ በኋላ ሠዓሊዎቻችን የእጆቿን አቀማመጥና የልጇን ሁኔታ እንዳለ ጠብቀው፣ ዓይኗን አጉልተው፣ መልኳን የእኛን አስመስለው ሣሏት። በጎንደር ዘመን የእመቤታችን ከነልጇ ሥዕል ዋና አርአያ የሆነውም ይኸው ነው። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው የጌታ ሥዕልም መነሻው የአውሮፓ ሥራ ሲሆን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከመወሰዱ በፊት እየተቀዳ ተስፋፍቷል። ማንም ሰው እነዚህን «የተበላሹ ቅጂዎች» ብሎ ሲጠራቸው አልሰማሁም።

ደግሞም ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብዙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕሎች ላይ ዘንዶው በፈረሱ እግር ሥር ተወግቶ ሲታይ፣ በዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተው ብሩታዊት ናት፤ ለዘንዶው የተሰጠች የንጉሥ ልጅ፣ ከላይ የመጣ ፈጥኖ ደራሽ፣ በውኃ ዳር ያለ አውሬ። መምህሩ ኢዮጴን ሲያነሡ ትዝ ያለኝ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ነው፤ «ልዳም ለኢዮጴ ቅርብ» እንደ ሆነች ይናገራል፤ ልዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር የሚገኝባት ከተማ ናት። ሁለቱ ታሪኮች ዘመድ መሆናቸውን የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ። ጠያቂያችን ፒዬሮ ዲ ኮሲሞን መጥራታቸውም ደስ ብሎኛል፤ ፍሎረንስ በሚገኘው በዚህ ሥዕል ፐርሴዎስ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲበርም፣ በአውሬው ጀርባ ቆሞ ሲመታም፣ ድል አድርጎ ሲደሰትም ይታያል። እኛ ገድል ስንሥል ቅዱሱን በአንድ ሸራ ላይ ሦስት ጊዜ እንደምናሳየው ማለት ነው። የሚገርመው በዚያ ሥዕል ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ መኖሩ ነው፤ ሠዓሊው ጥቁር ሰው መሣል እያወቀ፣ ያንን ለአጫዋቹ ሰጥቶ ልዕልቷን ነጭ አደረጋት።

ቡሩሽ ዘሐረር፦

ዲያቆን፣ በእመቤታችን ሥዕል ረትተውኛል፤ በከፊል። ሠዓሊዎቻችን ሲቀዱ የለወጡት ቆዳዋን ብቻ ሳይሆን መስመሩን፣ ዓይኑን፣ ልብሱንና ብርሃኑን ጭምር ነው፤ የእኛ ሥዕል ጥላ ስለማይጥል የብርሃን ምንጭ ጭንቀት የለበትም። እኔም የተቃወምኩት መለወጡን ሳይሆን ግማሽ መለወጡን ነው፤ የቲሺያንን ብርሃን ይዞ የቲሺያንን ገላ መጣል አይሆንም። (ሐረር ውስጥ ሥዕል እሥላለሁ ስል ፈረንጁ ሁሉ የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የራምቦን ቤት ብቻ ስለሚጠይቀኝ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ስላጋጠመኝ ተደስቻለሁ።)

ስለዚህ ለጠያቂያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አቀማመጡን ከፒዬሮ እንውሰድ፤ ፐርሴዎስ በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ ይታይ። ልጅቷ ጠይም፣ ከጀርባዋ የረፋድ ሰማይ የበራ ይሁን። መምህሩ ያላነሡት አንድ ነገር በዚያው መጽሐፍ አለ፤ ፐርሴዎስ አውሬውን ከገደለ በኋላ እጁን ሲታጠብ ያየውን ሁሉ ድንጋይ የሚያደርገውን የሜዱሳን ራስ አሸዋው እንዳይጎዳው ቅጠልና የባሕር ሣር አንጥፎ ያስቀምጠዋል፤ የነካው ሣርም ደርቆ ዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም ኮራል ይሆናል። ያንን ቀይ ኮራል በግራ በታች ጥግ አደርገዋለሁ፤ በጠይም ገላና በበራ ሰማይ መካከል ዓይን የሚያርፍበት ቀይ ያስፈልገኛል። ከጀርባውም «ከኦቪድ ግጥም፣ በፒዬሮ ዲ ኮሲሞ አቀማመጥ» ብዬ እጽፋለሁ።

ስለ ድሬ ሙቀት ደግሞ ይጠንቀቁ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው የተልባው ዘይት አየር እየሳበ ሲጠነክር እንጂ እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም፤ ላዩ ደረቀ ብለው ቶሎ ቫርኒሽ ካስቀቡት ከሥሩ ያለው ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ቢያንስ 6 ወር ይቆይ። ሸራውም በጊዜ ብዛት ሊረግብ ይችላል፤ ስለዚህ በአራቱም ማዕዘን ሽብልቅ ያለው እንጨት አሠራለሁ፤ ሲረግብ ሽብልቁን በቀስታ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው። ከጣሪያ ማራገቢያ ሥርም አይስቀሉት፤ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ የሚያለብሰው እሱ ነው።

የከዚራው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፎቻችሁን በሙሉ ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ፈቃዱም ስለ ሽብልቁም ምንም አላለችም፤ «እጇ ባይታሰር ፊቷን በሸፈነች ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ከዚያም «እንግዲያውስ ነጠላዋን ያልብሷት» ብላ ፈቀደች። ስለዚህ የቡሩሽ ዘሐረርን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ መጠኑ 120 በ90 ቢሆን መስኮቶቹን ሳይነካ የሚገባ ይመስለኛል።

ቡሩሽ ዘሐረር፦

መጠኑ ጥሩ ነው። ጥለት ያለው ነጠላ ግን አልሥልም፤ መምህሩ ይቆጡኛል። ጥለት የሌለው፣ ነፋስ የያዘው ነጭ ጨርቅ አለብሳታለሁ፤ ጠጉሯን የሚያንቀሳቅሰው ያው ነፋስ ይሆናል። ለእናትዎም ይህንኑ ይንገሩልኝ። አሁን የምፈልገው የግድግዳውን ፎቶግራፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት አንሥተው ይላኩልኝ። የመስኮታችሁ ብርሃን ከየት በኩል እንደሚገባ ሳላውቅ የሥዕሉን ፀሐይ ከየት እንደማወጣ መወሰን አልችልም። የከሰል ንድፉን ካያችሁትና እናትዎ ከተስማሙበት በኋላ ሸራውን እወጥራለሁ።